የካናቢስ የላብራቶሪ ወረቀት እንዴት ይነበባል? ከታች ወደ ላይ!

ባለፈው ዓመት አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኦክላንድ አክስቴ ቤት ሄድኩ። ቡና ተፈልቷል። አክስቴ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ከጀመሩ ሁለተኛ ወራቸው ነበር። ምግብ ሲያዩ ያቅለሸልሻቸዋል፤ ክብደታቸውም በጣም ቀንሷል። ከጀበናው አጠገብ አንድ ትንሽ ብልቃጥ፣ አንድ ፓኬት ጋሚ ከረሜላና አንድ ቬፕ (የካናቢስ ዘይት አሙቆ የሚያስተነፍስ የኤሌክትሪክ ሲጋራ) ደርድረዋል። «ልጄ፣ ጓደኛዬ ማቅለሽለሽ ያስታግሳል ብላ አስገዛችኝ። አንተ ላብራቶሪ ውስጥ ትሠራ አልነበር? እስቲ ንጹሕ መሆኑን እይልኝ» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሐሺሽ መሆኑን አውቃለሁ» አሉ።

እውነት ነው፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ በአንድ የካናቢስ መመርመሪያ ላብራቶሪ ጥቂት ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ ናሙና መፍጨት፣ መመዘንና ለማሽን ማዘጋጀት ነበር። ያን ቀን የአክስቴን ስልክ ተቀብዬ ወረቀቱን ከፍቼ ሳስረዳቸው አንድ ነገር ከነከነኝ። ወረቀቱ ለማንም ክፍት ነው፤ ግን ቁጭ ብሎ በአማርኛ የሚያስረዳን የለም። ሻጩ የሚነግራችሁ አንድ ቁጥር ብቻ ነው፣ የቲኤችሲውን፣ ማለትም የሚያሰክረውን ንጥረ ነገር መጠን። ወረቀቱ ሲከፈትም መጀመሪያ በትልቅ ፊደል የሚታየው እሱ ነው። እኔ ግን ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ አንብቡት እላለሁ። ጤናን የሚጎዳው ነገር ሁሉ ያለው ማንም ወርዶ በማያየው ገጽ ላይ ነው።

የምጽፈው ስለ ካሊፎርኒያ ነው፤ የማውቀው እሱን ስለሆነ። ኮሎራዶ፣ ዋሽንግተን ስቴት ወይም ሜሪላንድ ያላችሁ፣ የቁጥሮቹ ልክ ሊለያይባችሁ ይችላል እንጂ የአነባበቡ መንገድ አንድ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ከባድ ነገር ግን አስቀድሜ ልናገር። ስቴቱ ፈቀደ ማለት የፌዴራል መንግሥቱ ፈቀደ ማለት አይደለም። ግሪን ካርድ ይዛችሁ ዜግነት የምትጠብቁ ከሆነ ነገሩ በቀጥታ ይነካችኋል። የዜግነትና የኢሚግሬሽን አገልግሎቱ በኤፕሪል 2019 ባወጣው መመሪያ፣ ስቴቱ ቢፈቅድም እንኳ ካናቢስ መጠቀምም ሆነ በዚያ ሥራ ተቀጥሮ መሥራት «መልካም ሥነ ምግባር» የሚባለውን የዜግነት መስፈርት ሊያሳጣ እንደሚችል አስታውቋል። ስለዚህ ገና ዜግነት ያላገኘ ሰው ሱቁ በር ሳይደርስ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያነጋግር። አክስቴ ዜጋ ከሆኑ ቆይተዋል፤ እኔም ወደ ላብራቶሪው የገባሁት ከማልኩ በኋላ ነው። ወደ አገር ቤት ስትሄዱ ደግሞ ጋሚም ሆነ ቅባት ሻንጣችሁ ውስጥ እንዳይገኝ። በኢትዮጵያ ወንጀል ነው። በዱባይ ወይም በዶሃ የምታልፉ ከሆነ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ሕግ በጣም ጥብቅ ነው።

ወረቀቱ የዚህ ዕቃ ነው?

ብዙ ፓኬቶች ላይ ኪው አር ኮድ አለ። በስልካችሁ ስታነሱት የምርመራ ሰርተፊኬቱ ይከፈታል። ሱቆቹ «ሲኦኤ» ይሉታል። ኮዱ ከሌለ ሻጩን «የዚህን ባች ሲኦኤ አሳየኝ» በሉት። የሚያቅማማ ሱቅ ከሆነ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

ወረቀቱ ሲከፈት ምንም ቁጥር ከማንበባችሁ በፊት የባች ቁጥሩን ፓኬቱ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። አንድ በአንድ፣ ፊደል በፊደል። ባች ማለት በአንድ ጊዜ የተሰበሰበ ወይም በአንድ ጊዜ የተመረተ ማለት ነው። እንደ ሊጥ አስቡት። የዛሬው ሊጥ ደህና ኮመጠጠ ማለት የነገውም ይሆናል ማለት አይደለም፤ ዱቄቱም እርሾውም ያንዱ እጅ ቢሆን እንኳ። የአንዱ ባች ወረቀት ስለ ሌላው ባች ምንም አይናገርም። አንዳንዴ ኮዱ የሚወስዳችሁ ካምፓኒው በጣም ወደሚኮራበት የድሮ ወረቀት ነው። ያ ማስታወቂያ ነው።

ቀጥሎ ቀኑን ተመልከቱ፤ ከተመረመረ ዓመት ያለፈው አበባ (የሚጨሰው የደረቀ የካናቢስ አበባ) ያኔ የነበረው አበባ አይደለም። ከዚያ የላብራቶሪውን የፈቃድ ቁጥር። በካሊፎርኒያ የላብራቶሪ ፈቃድ በእንግሊዝኛው ሲ ፊደልና በ8 ቁጥር ይጀምራል። የስቴቱ የካናቢስ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ፈቃድ መፈለጊያ አለ። ቁጥሩን እዚያ ስታስገቡ ፈቃዱ የሚሠራ መሆኑን ያሳያችኋል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ላብራቶሪዎቹ አይኤስኦ 17025 የተባለውን ዓለም አቀፍ የላብራቶሪ ደረጃ ማሟላት አለባቸው። ይህ ደረጃ ማሽኑ ምን ያህል ውድ ነው ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ያንኑ ናሙና ደግማችሁ ብትመዝኑት ያው ውጤት ይመጣል ወይ፣ መጣ ካላችሁስ ማስረጃችሁ የት አለ፣ ብሎ ነው።

ከ22 ኪሎ ላይ ግማሽ ግራም

ይህን ክፍል ከወረቀቱ ላይ አታገኙትም። ግን ይህን ሳታውቁ ሌላው አይገባችሁም።

በካሊፎርኒያ አንድ የአበባ ባች ከ50 ፓውንድ መብለጥ የለበትም፤ ወደ 22.7 ኪሎ ነው። ናሙናውን የሚወስደው ገበሬው አይደለም። የላብራቶሪው ሠራተኛ ራሱ አከፋፋዩ መጋዘን ድረስ ሄዶ፣ ካሜራ እየቀረጸው፣ ከተለያየ ቦታ ይወስዳል። ከጠቅላላው 0.35 በመቶ ነው፤ ከሙሉ ባች ላይ ወደ 80 ግራም ይሆናል። እሱ ይፈጫል፣ ይደባለቃል። ከተደባለቀው ላይ ለፀረ ተባይ ምርመራ የሚመዘነው ዝቅተኛው መጠን ግማሽ ግራም ነው። አስቡት፣ ከ22 ኪሎ ላይ ግማሽ ግራም! ስለዚህ ናሙና አወሳሰዱ ከተበላሸ ማሽኑ ምንም ቢረቅቅ ዋጋ የለውም። ቡና መጋዘን ውስጥ ጆንያ እየወጉ ናሙና ሲወስዱ ያየ ሰው ይገባዋል። ከላይ ካለው ጆንያ ብቻ ወስዶ ለጭነቱ ሁሉ ደረጃ መስጠት አይቻልም።

ሌላው ከመጀመራችን በፊት የሚያስፈልገን ነገር «ኤንዲ» የምትለዋ ቃል ናት። ወረቀቱ ላይ ብዙ ቦታ ታገኟታላችሁ። «አልተገኘም» ማለት ናት። «የለም» ማለት ግን አይደለችም። የሽንኩርት ሚዛን ላይ የወርቅ ቀለበት ብታስቀምጡ ሚዛኑ ንቅንቅ አይልም። ቀለበቱ ግን አለ። ማሽንም እንደዚያው ነው፣ ከዚህ በታች አላይም የሚለው ልክ አለው። ጥሩ ወረቀት ያንን ልክ ከየስሙ ጎን ይጽፈዋል። ሌላ ደግሞ «ኤልኦኪው» የሚል ታያላችሁ፤ ማሽኑ መኖሩን ብቻ ሳይሆን መጠኑንም በእርግጠኝነት መናገር የሚችልበት ዝቅተኛ ልክ ነው። ልኮቹን ጨርሶ ያልጻፈ ወረቀት ላይ «አልተገኘም» የሚለው ቃል ብዙ ክብደት የለውም።

ሻጋታና ባክቴሪያ

ለአክስቴ መጀመሪያ የፈለግኩት ይህን ገጽ ነው። ኬሞ የሰውነትን መከላከያ ያደክማል። አስፐርጂለስ የሚባል የሻጋታ ዓይነት አለ። አፈር ላይ፣ አቧራ ውስጥ፣ የበሰበሰ ቅጠል ላይ ይኖራል። ጤነኛ ሰው በየቀኑ ይተነፍሰዋል፤ ምንም አይሆንም። መከላከያው የደከመ ሰው ግን ሳንባው ውስጥ ሊያድግበት ይችላል፤ ለሞትም ያደርሳል። ለዚህ ነው ካሊፎርኒያ በሚጨስና በሚተነፈስ ምርት ላይ አራት የአስፐርጂለስ ዓይነቶች፣ ማለትም ፉሚጋተስ፣ ፍላቨስ፣ ናይጀርና ቴሬየስ፣ በ1 ግራም ውስጥ ጨርሶ እንዳይገኙ የምታስገድደው። ሳልሞኔላና አደገኛው የኢ ኮላይ ዓይነትም እንዲሁ። አብዛኛውን ጊዜ ላብራቶሪው የሚፈልገው የሻጋታውን ዲኤንኤ ነው። መሣሪያው በኮቪድ ጊዜ ስሙን የለመድነው ፒሲአር ነው።

«እሳት ስላለው ሻጋታው ይቃጠላል» የሚል ወሬ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። አትመኑት። የሻጋታው ዘር ከጭሱ ጋር ሳንባ ሊገባ ይችላል። በሽተኛ ቤታችሁ ካለ ይህችን ሳትነግሩት አትደሩ።

ከዚያ ስር ማይኮቶክሲን የሚል ሌላ ሠንጠረዥ አለ። ሻጋታው የሚተወው መርዝ ነው። አገር ቤት በለውዝና በበርበሬ ስሙ የሚነሳው አፍላቶክሲን እዚህ ነው ያለው። ልኩ በኪሎ 20 ማይክሮግራም ነው፤ ኦክራቶክሲን የሚባለውም ያው 20። ሁለቱን ሠንጠረዦች አንድ ላይ አንብቧቸው። ምክንያቱም አንዳንድ አምራቾች አበባውን በጨረር ያጸዱታል። ጨረሩ ሻጋታውን ይገድላል፤ ቀድሞ የተተፋውን መርዝ ግን አያነሳውም። ሻጋታው ቢሞትም መርዙ ይቀራል።

ለአበባ ደግሞ «ዋተር አክቲቪቲ» የሚል አንድ ቁጥር አለ። ሰው አልፎት ይሄዳል፤ እኔ ግን በጣም እወደዋለሁ። ከ0.65 መብለጥ የለበትም። አበባው ምን ያህል እርጥብ ነው ማለት አይደለም። ሻጋታ ሊጠጣው የሚችለው ነጻ ውሃ ምን ያህል ነው ማለት ነው። ማርን አስቡ። ማር ውስጥ ውሃ አለ፤ ግን ስኳሩ አንቆ ስለያዘው ለዓመት ቢቀመጥ አይሻግትም። ውሃ ስትጨምሩበት ነው መፍላት ጀምሮ ጠጅ የሚሆነው። አበባም በ0.60 አካባቢ ከሆነ በደህና ይቀመጣል። ቤት ወስዳችሁ ፍሪጅ ውስጥ ወይም ሻወር ቤት ካስቀመጣችሁት ግን እርጥበት ሊስብ ይችላል፤ ያኔ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር አይሠራም። ክዳኑ የሚገጥም ብልቃጥ፣ ጨለማና ቀዝቀዝ ያለ ቁም ሳጥን ይበቃዋል። ልጆች የማይደርሱበት፣ የሚቆለፍ ይሁን። በተለይ ጋሚ! ለሕፃን ከረሜላ ነው።

ከባድ ብረቶች

አራት ናቸው፦ እርሳስ፣ ካድሚየም፣ አርሴኒክ፣ ሜርኩሪ። የካናቢስ ተክል ሥሩ ብረት ከአፈር በመሳብ ይታወቃል። የዚሁ ተክል ዓይነት የሆነው ሄምፕ ቼርኖቤል አካባቢ የተበከለ አፈር ለማጽዳት እስከመሞከር ደርሷል። ለአፈር ደግ ነው፤ ለሚያጨሰው ሰው ግን መጥፎ ዜና ነው።

ለሚተነፈስ ምርት የካሊፎርኒያ ልክ በግራም እርሳስ 0.5፣ ካድሚየም 0.2፣ አርሴኒክ 0.2፣ ሜርኩሪ 0.1 ማይክሮግራም ነው። ቁጥሩ እንዲታያችሁ፣ 0.5 ማይክሮግራም በግራም ማለት በ10 ኩንታል ውስጥ ግማሽ ግራም እርሳስ ማለት ነው። ይህን የሚለየው ማሽን ናሙናውን ከፀሐይ ገጽ በሚበልጥ ሙቀት አቃጥሎ አተሞቹን በክብደታቸው ይቆጥራል። ለሚበላ ምርት የአንዳንዶቹ ልክ ላላ ይላል። ሜርኩሪ ለምሳሌ 3 ይደርሳል፤ በአፍ የገባ ነገር ሁሉ ወደ ደም ስለማይገባ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ምርቱን «የሚተነፈስ» ብሎ ነው ወይስ «የሚበላ» ብሎ የለካው? ቬፕ ይዛችሁ የሚበላ ምርት ልክ ካያችሁ አንድ ስህተት አለ።

ቬፕ ላይ ደግሞ ብረቱ ከተክሉ ብቻ አይመጣም። ዘይቱ የተሞላበት ካርትሪጅ ራሱ ብረት ነው። ዘይቱ በቆየ ቁጥር ከብረቱ እርሳስ ሊወጣ ይችላል። በ2008 ጃፓን በኢትዮጵያ ቡና ላይ ከልክ ያለፈ የፀረ ተባይ ቅሪት አግኝታ ግዢዋ ሲያሽቆለቁል የሆነው ይህን ይመስላል፤ ጥርጣሬው የወደቀው ቡናው ላይ ሳይሆን የተጫነበት ጆንያ ላይ ነበር። ንጹሕ ነገር በያዘው ዕቃ ይበከላል። ለዚህ ቬፕ ስትገዙ የምርመራ ቀኑ ቅርብ የሆነውን ምረጡ። ምርመራውም ካርትሪጁ ከተሞላ በኋላ የተደረገ መሆኑን እዩ።

ፀረ ተባይ

ካሊፎርኒያ 66 ኬሚካሎችን ታስመረምራለች። 21ዱ የመጀመሪያው ምድብ ናቸው፤ ከተገኙ ባቹ ይወድቃል፣ አበቃ። 45ቱ ሁለተኛው ምድብ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው የተፈቀደ ልክ አላቸው። እነዚህን በሚገባ ለማግኘት ላብራቶሪው ሁለት ዓይነት ማሽን ያስፈልገዋል፤ አንዳንዱ ኬሚካል በአንዱ ላይ ጨርሶ አይታይም።

ከሁሉም ማይክሎቡታኒልን እወቁት። የወይን ገበሬ ሻጋታን ለመከላከል ይጠቀምበታል፤ ወይኑን አጥበን እንበላለን፣ ብዙ ችግር የለም። ሲቃጠል ግን ሃይድሮጂን ሳያናይድ የሚባል መርዛም ጋዝ ያወጣል። ወይን አናጨስም፤ ይህን ግን ያጨሱታል። ኮሎራዶ ውስጥ በ2015 የዴንቨር ከተማ ብዙ ምርት ያገደችውና ከገበያ ያሰበሰበችው እንዲህ ባሉ ኬሚካሎች ነው። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ገዢው ጆን ሂከንሉፐር ያልተፈቀደ ፀረ ተባይ የተገኘበት ካናቢስ ለሕዝብ ጤና ጠንቅ ነው የሚል ትእዛዝ አወጡ። «ምግብ ላይ ተፈቅዷል» የሚለው ክርክር እዚህ አይሠራም፤ ምክንያቱም ጨጓራና ሳንባ አንድ አይደሉም።

ልቤን የሚያሳዝነኝን ደግሞ ልንገራችሁ። ይህ ሁሉ ሕግ እያለ፣ በ2024 የሎስ አንጀለስ ታይምስ ጋዜጠኞች ከሌላ የዜና ተቋም ጋር ሆነው ከሕጋዊ ሱቆች የገዟቸውን 42 ምርቶች በግላቸው አስመረመሩ። 25ቱ ከስቴቱ ወይም ከፌዴራል ልክ ያለፈ ፀረ ተባይ ተገኘባቸው። ሁሉም ሕጋዊ ምርቶች ነበሩ። ስለዚህ ወረቀቱ አለ ብላችሁ አትርጉ። የስሞቹን ዝርዝር ቁጠሩ። «ፀረ ተባይ፦ አልፏል» የሚል አንድ መስመር ብቻ ያለው ወረቀት አይበቃም፤ 66ቱም ከነቁጥራቸው መደርደር አለባቸው። ምርቱ ከገበያ ተሰብስቦ እንደሆነም የቁጥጥር መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ዝርዝር አለ፤ ከመግዛታችሁ በፊት የካምፓኒውን ስም ፈልጉበት።

ማሟሚያዎች፣ ለዘይት ብቻ

ቬፕና ሌሎች ዘይቶች የሚወጡት በቡቴን፣ በኤታኖል ወይም በመሳሰለው ማሟሚያ ነው። ትንሽ ቅሪት ሊኖር ይችላል። ቡቴን በግራም እስከ 5,000 ማይክሮግራም ይፈቀዳል፤ ቤንዚን (መኪና ውስጥ የሚገባው ሳይሆን፣ ካንሰር የሚያመጣው ኬሚካል) ግን 1 ብቻ። ልዩነቱን አስተውሉ። አበባ ላይ ይህ ሠንጠረዥ ከሌለ አትደንግጡ፤ አበባ አልተሟሟም።

በ2019 ግን ከዝርዝሩ ውጪ የሆነ ነገር ሰው ገደለ። ቬፕ ያጨሱ ወጣቶች ሳንባቸው እየተቃጠለ ሆስፒታል መጉረፍ ጀመሩ። እስከ ፌብሩዋሪ 2020 ድረስ 2,807 ሰው ሆስፒታል ገባ ወይም ሞተ፤ ከእነዚህ የሞቱት 68 ናቸው። ዋናው ተጠርጣሪ ዘይቱን ለማወፈር የተጨመረ ቫይታሚን ኢ አሲቴት ነበር። ቆዳ ላይ ሲቀባ ምንም አያደርግም። አብዛኛው የመጣው ከመንገድና ከጓደኛ ከተገዛ ቬፕ ነው። ላብራቶሪ የሚያገኘው የፈለገውን ብቻ ነው፤ መንገድ ላይ የሚሸጠውን ደግሞ ፈልጎ የሚያይለት የለም። እባካችሁ ልጆቻችሁን ስለዚህ አነጋግሯቸው። ቬፕ ማጨሳቸውን ባትፈልጉም አነጋግሯቸው።

አሁን ወደ ላይ፣ ወደ ቲኤችሲ

አበባ ላይ ሁለት ቁጥር ታያላችሁ፣ ቲኤችሲኤና ቲኤችሲ። ተክሉ ውስጥ ያለው በአብዛኛው የመጀመሪያው ነው፤ እሱ ራሱ አያሰክርም። ሲሞቅ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለቅቆ ወደ ቲኤችሲ ይለወጣል። ጥሬ ቡና ሲቆላ ክብደቱ እንደሚቀንሰው፣ እዚህም ጋዙ ሲወጣ ክብደት ይቀንሳል። 1 ግራም ቲኤችሲኤ 0.877 ግራም ቲኤችሲ ይሆናል። ስለዚህ ሒሳቡ ይህ ነው፦ ቲኤችሲኤውን በ0.877 አባዙ፣ ቲኤችሲውን ደምሩ። 22.8 በመቶ ቲኤችሲኤና 0.5 በመቶ ቲኤችሲ ካለ፣ 20 ሲደመር 0.5፣ በጠቅላላው 20.5 በመቶ። ፓኬቱ 23.3 ካለ ሁለቱን እንዲሁ ደምሯቸዋል ማለት ነው።

ይህ ቁጥር ከሁሉም በላይ የሚዋሽበት ነው። ሱቁ ከፍ ያለውን ቁጥር በውድ ስለሚሸጥ፣ አምራቹ ከፍ ያለ ቁጥር የሚሰጠውን ላብራቶሪ ይፈልጋል። ለላብራቶሪው የሚከፍለው ደግሞ ራሱ አምራቹ ወይም አከፋፋዩ ነው። በ2023 በታተመ ጥናት ከኮሎራዶ ሱቆች የተገዙ 23 የአበባ ናሙናዎች ሲመረመሩ፣ ወደ 70 በመቶ የሚሆኑት ፓኬቱ ላይ ከተጻፈው ከ15 በመቶ በላይ ዝቅ ብለው ተገኙ። ካሊፎርኒያ ከ2024 ጀምሮ ላብራቶሪዎች ሁሉ አበባን በአንድ ወጥ ዘዴ እንዲለኩ ያስገደደችው ለዚህ ነው። 35 በመቶና ከዚያ በላይ የሚል አበባ ሳይ እኔ እጠራጠራለሁ። ደግሞም ከፍ ያለ ቁጥር የተሻለ ጥራት ማለት አይደለም። አረቄ ከጠላ ይበረታል፤ ከጠላ የተሻለ ነው የሚል የለም።

ጋሚ ላይ በመቶኛውን ተዉት፤ ሚሊግራም ነው የሚያስፈልገው። በካሊፎርኒያ አንድ ፍሬ ቢበዛ 10 ሚሊግራም፣ አንድ ፓኬት ቢበዛ 100 ሚሊግራም ቲኤችሲ ነው። ከተጻፈው 10 በመቶ ወዲህና ወዲያ ይፈቀዳል፤ 100 የሚለው ከ90 እስከ 110 ሊሆን ይችላል። የሚበላው ቶሎ አይሰማም። ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። «አልሠራልኝም» ብሎ ሁለተኛ መድገም ነው ሰውን ድንገተኛ ክፍል የሚያስገባው።

ነዳጅ ማደያ ላይ የሚሸጠው ሲቢዲ

ይህ ሌላ ዓለም ነው። ሲቢዲ ከዚሁ ተክል የሚወጣ፣ እንደ ቲኤችሲ የማያሰክር ንጥረ ነገር ነው። የ2018ቱ የፌዴራል የእርሻ ሕግ በደረቅ ክብደት ከ0.3 በመቶ ያልበለጠ ዴልታ 9 ቲኤችሲ (ዋናው የሚያሰክረው ቲኤችሲ) ያለውን ተክል ሄምፕ ብሎ ለቀቀው። ከዚያ ወዲህ በየነዳጅ ማደያው የሚደረደረው ጠብታና ቅባት ከላይ በነገርኳችሁ የካናቢስ ሱቅ መንገድ አላለፈም። ወረቀት ካለው እንዳየነው አንብቡት፤ ከሌለው ተዉት። ትራክ የምትነዱ ወንድሞችና እህቶች በተለይ ስሙኝ። «ቲኤችሲ የለውም» የሚል ጠብታ ቲኤችሲ ሊኖረው ይችላል። የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ «ሲቢዲ ነው የወሰድኩት» የሚለውን ለሾፌሮች የዕፅ ምርመራ ውጤት ምክንያት አድርጎ አይቀበልም። የንግድ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ቤት ይህ ጠብታ ባይገባ ይሻላል።

አክስቴ ጠረጴዛ ላይ የነበሩት

ሦስቱንም አንድ በአንድ አየናቸው። የብልቃጡ አበባ ኮድ የከፈተው ወረቀት የሌላ ባች ነበር፤ ቁጥሩ አልገጠመም። እንዲህ ሲሆን አትክፈቱት። ፓኬቱንና ወረቀቱን ፎቶ አንሱ፣ ደረሰኙን ያዙ፣ ወደ ሱቁ መልሱት። ሱቁ እንቢ ካለ የስቴቱ የካናቢስ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አቤቱታ ማስገቢያ አለ። የአክስቴ ሱቅ ሳያንገራግር ገንዘባቸውን መለሰ። የቬፑ ወረቀት ንጹሕ ነበር፤ ግን ኬሞ ላይ ያለ ሳንባ ነውና አብረን አስቀመጥነው። ጋሚው ሁሉም ገጠመለት፦ ባቹ፣ ቀኑ፣ 66ቱ ስሞች፣ ሻጋታው፣ ብረቱ።

ያም ሆኖ እንዲበሉት አልነገርኳቸውም። ያ የእኔ ሥልጣን አይደለም። ሲቢዲም ሆነ ቲኤችሲ ከሌላ መድኃኒት ጋር ሊጋጩ ይችላሉ፤ ሲቢዲ ለምሳሌ ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ ኃይል ከፍ ያደርጋል። አክስቴ ለዶክተራቸው መናገር አፍረው ነበር። «ሐሺሽ የምትወስድ አሮጊት ይለኛል» አሉ። ሰኞ ጠዋት አብሬያቸው ሄድኩ። ዶክተሩ አልደነገጠም፤ የጠየቀው «በአንድ ፍሬ ስንት ሚሊግራም? ሲቢዲስ አለው?» ብሎ ነው። ልመልስለት አፌን ስከፍት አክስቴ እጄን ያዝ አደረጉኝ። መነጽራቸውን አድርገው ስልካቸውን አወጡና ወረቀቱን ከፈቱ። ጣታቸውን እየጎተቱ እስከ መጨረሻው ገጽ ወረዱ። ከሻጋታው ጀምረው ማንበብ ያዙ።